ኢሳዶራ ደንከንና የውዝዋዜ ትምህርት

ውዝዋዜ በትምህርት ቤት የሚቀሰም ጥበብ ነው ወይስ ከሰው ጋር አብሮ የሚወለድ ነገር? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በአውሮፓና በአሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ ሰዎችን ሲያከራክር ኖሯል። በአንደኛው ወገን የቆመው ባሌት የሚባለው፣ ከነገሥታት አዳራሽ የወጣ፣ ሕጉ የተቆጠረና የተሰፈረ የውዝዋዜ ዓይነት ነው። በሌላው ወገን ደግሞ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ የተወለደው ዘመናዊ ዳንስ አለ። ይህን ሁለተኛውን ካስገኙት ሰዎች መካከል ስሟ ቀድሞ የሚነሣው ኢሳዶራ ደንከን ናት። ስለ እርሷ ብዙ የሚወራው ስለ ፍቅሯና ስለ አሟሟቷ ነው። እኛን ግን ተማሪዎች እንደ መሆናችን መጠን ይበልጥ የሳቡን ትምህርት ቤቶቿ ናቸው፤ ይህች ሴት ዕድሜዋን ሁሉ ስትደክም የኖረችው ትምህርት ቤት ለማቆም ነበርና። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኢሳዶራ በ1877 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተወለደች። አባቷ ጆሴፍ ደንከን የባንክ ሰው ነበር፤ እርሷ በተወለደችበት ዓመት ባንኩ ወደቀና ቤተሰቡ ከሀብት ወደ ችግር ወረደ። ባልና ሚስት ተፋቱ። እናቲቱ አራት ልጆቿን ይዛ ወደ ኦክላንድ ተሻገረች፤ ፒያኖ እያስተማረችም አሳደገቻቸው። የቤት ኪራይ ሲያጥራቸው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ይዛወሩ ነበር። ማታ ማታ ግን ቤት ውስጥ ሙዚቃ አይጠፋም። ኢሳዶራ ገና ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆናት ትምህርት ቤቱን ተወችና ከእኅቷ ከኤልሳቤጥ ጋር ሆና የጎረቤት ልጆችን ዳንስ እያስተማረች ሳንቲም ታመጣ ጀመር። እንግዲህ ተማሪነቱን ሳትጨርስ አስተማሪ ሆነች ማለት ነው፤ ይህም ነገር ኋላ ምን እንዳስከተለ እናያለን።

ስለ ራሷ በጻፈችው መጽሐፍ እንደምትተርከው፣ በልጅነቷ ወደ አንድ የታወቀ የባሌት መምህር ዘንድ ተልካ ነበር። መምህሩ በእግሯ ጣቶች ጫፍ እንድትቆም ሲያዛት ለምን ብላ ጠየቀችው። ውብ ስለሆነ ነው ቢላት፣ ይህስ አስቀያሚና ከተፈጥሮ ጋር የሚጣላ ነው ብላ መለሰችና ከሦስተኛው ትምህርት በኋላ ደግማ አልሄደችም። ታሪኩ ለጀግና ልጅነት የሚስማማ ነው፤ ነገር ግን ሙሉው ታሪክ ይህ ብቻ አይደለም። ኋላ በኒው ዮርክ ሳለች ማሪ ቦንፋንቲ ከተባለች የታወቀች የባሌት ባለሙያ ዘንድ ተምራለች። ስለዚህ ባሌትን የተቃወመችው ምንም ሳታውቀው ነው ለማለት አይቻልም፤ ጨርሳ ታውቀው ነበር ለማለትም እንደዚሁ አይቻልም።

እዚህ ላይ ባሌት የሚማር ልጅ ምን እንደሚሠራ ጥቂት እንናገር፤ ይህ ካልታወቀ የኢሳዶራም ቁጣ አይገባንም። ንጉሥ ሉዊ ዐሥራ አራተኛ በ1661 በፓሪስ የውዝዋዜ አካዳሚ አቋቋመ። ዛሬም ቢሆን የባሌት እርምጃዎች በየአገሩ የሚጠሩት በፈረንሳይኛ ስማቸው ነው። በሩሲያ የንጉሠ ነገሥቱ የውዝዋዜ ትምህርት ቤት በ1738 በፒተርስበርግ ተከፈተ። ልጆቹ በዘጠኝና በዐሥር ዓመታቸው ተመርጠው ይገባሉ፤ እዚያው እየበሉ እዚያው እያደሩ ሰባት ስምንት ዓመት ይማራሉ። ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው ጋር የተያያዘውን የእንጨት መደገፊያ በአንድ እጃቸው ይዘው ይሰለፋሉ። መጀመሪያ ጉልበትን ማጠፍና መዘርጋት ይመጣል፤ ቀጥሎ እግርን መሬት ለመሬት እየጎተቱ መወርወር፤ ቀጥሎ እግርን አንሥቶ መያዝ። እግር የሚቆምባቸው መሠረታዊ ሥፍራዎች አምስት ናቸው። እግሮቹ ከዳሌ ጀምረው ወደ ውጭ እንዲዞሩ ይደረጋል፤ ፍጹም በሆነ ጊዜ ተረከዝ ከተረከዝ ገጥሞ ሁለቱ መርገጫዎች አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። ይህ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም። እግር ወደ ውጭ ሲዞር የዳሌው መጋጠሚያ ይፈታል፤ ተወዛዋዡም እግሩን ወደ ጎን ከፍ አድርጎ ለማንሣትና ወደየትም አቅጣጫ ፈጥኖ ለመሄድ ይችላል። ልጃገረዶቹ ጫፉ በጠነከረ ጫማ በጣታቸው ላይ የሚቆሙት ከብዙ ዓመት ዝግጅት በኋላ ነው። የዚህ ሥርዓት ትልቁ ጥቅም የትም ቦታ አንድ መሆኑ ነው፤ በሚላኖ የተማረ በኮፐንሃገን ክፍል ገብቶ ሳይደናገር ከጓደኞቹ ጋር መሥራት ይችላል።

ወደ ኢሳዶራ እንመለስ። በዐሥራ ስምንት ዓመቷ ገደማ ኦገስቲን ዴሊ በሚባል ሰው የቴያትር ጓድ ውስጥ ተቀጠረች፤ በተሰጣት ትንንሽ ሥራ ግን አልረካችም። በ1899 ከቤተሰቧ ጋር ከብት በሚጫንበት መርከብ ተሳፍራ ወደ ሎንዶን ተሻገረች። ገንዘብ ስላልነበራቸው ጊዜያቸውን በብሪታኒያ ሙዚየም ያሳልፉ ነበር፤ እርሷም በጥንት ግሪኮች ማሰሮ ላይ የተሣሉትን ሴቶች አቋቋም፣ የራሳቸውን ወደ ኋላ መጣል፣ የቀሚሳቸውን መብረር አተኩራ ተመለከተች። በሚቀጥለው ዓመት ፓሪስ ገባች፤ እዚያም የሉቭር ሙዚየም መምህሯ ሆነ።

በፓሪስ ያደረገችውን አንድ ነገር ሳንገልጽ ማለፍ አንወድም። ሁለት እጆቿን በደረቷ ላይ አጣጥፋ ሳትንቀሳቀስ ለብዙ ሰዓት ትቆም ነበር፤ እናቷ እስክትሠጋ ድረስ ማለት ነው። የምትፈልገው እንቅስቃሴ ሁሉ የሚፈልቅበትን ሥፍራ ነበር። በእርሷ ግምት ባሌት ይህን ሥፍራ በአከርካሪ አጥንት ታችኛው ጫፍ ያደርገዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ገላ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ሲቆም እጅና እግር ለየብቻቸው ይታዘዛሉ፤ በዚህም ምክንያት ተወዛዋዡ እንደ አሻንጉሊት ይሆናል ትላለች። የእርሷ መልስ ደግሞ የእንቅስቃሴ ምንጭ ከደረት መካከል ከልብ አጠገብ ነው የሚል ሆነ። ትንፋሽ ሲገባ ደረት ይነሣል፤ ደረት ሲነሣ ክንድ ይከተላል፤ ክንድ ሲከተል እግር ይራመዳል። አንዱ እንቅስቃሴ ከሌላው እንደ ማዕበል ይወለዳል እንጂ ተቆርጦ አይቀጠልም። በባሌት ላይ የሰጠችው ፍርድ ለእኛ ከልክ ያለፈ ይመስለናል፤ ጥሩ የባሌት መምህር ስለ ትንፋሽም ስለ ክንድም ያስተምራልና። ሆኖም ያነሣችው ጥያቄ፣ እንቅስቃሴ ከየት ይጀምራል የሚለው፣ ከእርሷ በኋላ የመጡት የዘመናዊ ዳንስ መምህራን ሁሉ የየራሳቸውን መልስ ሊሰጡት የተገደዱበት ነው።

በ1902 በቡዳፔስት ለብቻዋ ስትጫወት አዳራሹ ሌሊት ሌሊት ይሞላ ጀመር። በባዶ እግሯ ወጣች፤ ወገብ የሚያጣብቀውን መታጠቂያ ጥላ ስስ ቀሚስ ለበሰች፤ ከበስተኋላዋ ሰማያዊ መጋረጃ ብቻ ነበር። ለውዝዋዜ ተብሎ ባልተደረሰ ሙዚቃ፣ በሾፓን፣ በግሉክ፣ በቤቶቨን ትወዛወዝ ነበር፤ ይህ አንዳንዶቹን የሙዚቃ ሰዎች እጅግ አስቆጣቸው። በ1903 በበርሊን ስለ ወደፊቱ ውዝዋዜ ንግግር አደረገች። በዚያው ዓመት ከቤተሰቧ ጋር ወደ ግሪክ ሄዳ ከአቴና ወጣ ባለ ኮረብታ ላይ ቤት መሥራት ጀመረች፤ ኮረብታው ግን ውሃ የሌለበት ሆነ። ከዚህ ጉዞ የተረፋት ዕዳ ነበር።

በዲሴምበር 1904 ሁለት ነገሮች ተከታትለው ሆኑ። የመጀመሪያው በበርሊን አጠገብ በግሩንቫልድ ትምህርት ቤቷን መክፈቷ ነው። ሁለተኛው በፒተርስበርግ መታየቷ ነው። እንግዲህ የነፃው ውዝዋዜ መምህርት የባሌት ዋና ከተማ ወደሆነችው አገር ገባች ማለት ነው። በሾፓን ሙዚቃ ስትወዛወዝ ካዩአት መካከል ወጣቱ የባሌት አዘጋጅ ሚካኤል ፎኪንና ሰርጌ ዲያጊሌቭ ነበሩ። እርሷም በበኩሏ አና ፓቭሎቫን ስትለማመድ ለማየት ሄደች። ፓቭሎቫ በ1891 በዐሥር ዓመቷ ትምህርት ቤት ገብታ በ1899 የተመረቀች፣ የዚያ ሥርዓት ምርጥ ፍሬ ነበረች። ኢሳዶራ በመጽሐፏ እንደምትለው፣ ያቺ ቀጭን ልጅ ለሦስት ሰዓት ያህል ያለ ዕረፍት ስትለፋ አየች፤ ጉብዝናዋንም አደነቀች። ነገር ግን የልፋቱ ሁሉ ዓላማ ገላን ከነፍስ መለየት መሰላት። የትምህርት ቤቱንም ትንንሽ ልጆች ተሰልፈው በጣታቸው ጫፍ ሲቆሙ ባየች ጊዜ አዳራሹን ከማሠቃያ ቤት ጋር አመሳሰለችው። ከዚያ ማሠቃያ ቤት ደግሞ ፓቭሎቫ ወጣች! ኢሳዶራ ሁለቱን ነገሮች አጠገብ ላጠገብ አድርጋ ያየችበት ቦታ በመጽሐፏ የለም።

የሩሲያ ሰዎች ግን ከእርሷ መማር አላፈሩም። ፎኪን ከዚያ በፊትም ለውጥ ያስብ ነበር ይባላል፤ ከእርሷ ምን ያህል እንደወሰደ የታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን ይከራከራሉ። የሆነ ሆኖ በ1907 ኡኒስ የሚባል በጥንቱ ዘመን ላይ የተመሠረተ ባሌት አዘጋጀ። በንጉሠ ነገሥቱ ቴያትር ባዶ እግር መውጣት የተከለከለ ስለነበረ የእግር ጣቶች በካልሲው ላይ በቀለም ተሣሉ! በዚያው ዓመት በሾፓን ሙዚቃ ባሌት ሠራ። የባሌት ገላ ከወገብ በላይ እየለዘበ መሄድ የጀመረው በእነዚህ ዓመቶች ነው።

አሁን ወደ ግሩንቫልድ እንግባ። ወደ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ተመረጡ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ልጆች፣ ብዙዎቹም የድሃ ልጆች ነበሩ። ክፍያ የሚባል ነገር አልነበረም። ማደሪያው፣ ምግቡ፣ ልብሱ፣ ትምህርቱ ሁሉ የሚሸፈነው ኢሳዶራ በየከተማው እየዞረች ተወዛውዛ በምታገኘው ገንዘብ ነበር። በየትኛውም ዘመን ለትምህርት ቤት ክፍያ ሲጨነቅ የኖረ ተማሪ ይህን በቀላሉ አያልፈውም። ልጆቹ በባዶ እግር ይሄዳሉ፤ ስስ ቀሚስ ይለብሳሉ። መጀመሪያ ጂምናስቲክ ይሠራሉ፤ ከዚያም መራመድ ይማራሉ፤ በዝግታ መራመድ፣ በፍጥነት መራመድ፣ ከሙዚቃ ጋር መራመድ። ከመራመድ ወደ መሮጥ፣ ከመሮጥ ወደ መዝለል ይሸጋገራሉ። ደመናን፣ የዛፍ መወዛወዝን፣ የወፍ በረራን ልብ ብለው እንዲያዩ ይታዘዛሉ፤ ከንባብና ከሂሳብም አይቀሩም። በባሌት ክፍል ልጁ ከሰው ውጭ ያለ አንድ ቅርጽ ይሰጠዋል፤ ገላው ወደዚያ ቅርጽ እስኪደርስ ይታረማል። በኢሳዶራ ክፍል ደግሞ ልጁ አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር፣ እርምጃና ሩጫ፣ እስኪጠራ ድረስ ይደጋገማል። ልዩነቱን ባጭሩ ለመግለጽ ከዚህ የተሻለ አላገኘንም።

ነገር ግን ገንዘቡን የምታመጣው ኢሳዶራ ስለሆነች ቤት አትገኝም ነበር። በየዕለቱ ያስተማረችው እኅቷ ኤልሳቤጥ ናት፤ ስለ እርሷም የጻፈ ጥቂት ነው። ኢሳዶራ አልፎ አልፎ ስትመጣ ልጆቹ እንደ በዓል ይቆጥሩት ነበር። ራሷ ስትወዛወዝ ታሳያቸዋለች፤ ለምን እንደሆነና እንዴት እንደሆነ ከፍላ መግለጽ ግን አይሆንላትም። የተወዛወዘችውን በወረቀት ለማስፈር፣ ትምህርቱን በዓመት በዓመት ለመከፋፈል አልፈለገችም፤ ነፃነት ሕግ ከተጻፈለት ነፃነቱ ይቀራል ብላ ታምን ነበርና። በዚህ ነጥብ እኛ ከባሌት ጋር እንቆማለን። አስተማሪው ከከተማ ሲወጣ የሚቆም ትምህርት ለተማሪው ሌላ ዓይነት እስራት ነው፤ ምንጊዜም የሰውዬውን መምጣት ይጠብቃልና። ግሩንቫልድ በ1908 ተዘጋ። ከልጆቹ መካከል ስድስቱ፣ አና፣ ኢርማ፣ ቴሬዛ፣ ሊዛ፣ ኤሪካና ግሬቴል፣ አብረዋት ቀሩ፤ ደንከን የሚለውንም ስም ወሰዱ።

ከእንግሊዛዊው የመድረክ ባለሙያ ከጎርደን ክሬግ በ1906 ዴርድሬ የተባለች ልጅ ወለደች። ቀጥሎ የስፌት መኪናው ባለሀብት ልጅ ከሆነው ከፓሪስ ሲንጀር ጋር ኖረች፤ ይህ ስም በየልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ስለሚታይ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም። ከእርሱም በ1910 ፓትሪክ ተወለደ። በኤፕሪል 19 ቀን 1913 ሁለቱ ልጆች ከሞግዚታቸው ጋር በመኪና ሲሄዱ መኪናው ሴን ወንዝ ውስጥ ገባ፤ ሦስቱም ሰጠሙ። በኦገስት 1914 ሦስተኛ ልጅ ወለደች፤ እርሱም ወዲያውኑ ሞተ። ሲንጀር በፓሪስ አጠገብ በቤልቪው ለትምህርት ቤት የሚሆን ታላቅ ሕንፃ ገዝቶላት ነበር። ጦርነቱ ሲነሣ ያ ሕንፃ ለቁስለኞች ሆስፒታል እንዲሆን ሰጠችው። የውዝዋዜ አዳራሹ በአልጋ ተሞላ።

በ1921 የሶቪየት መንግሥት ትምህርት ቤት እንድትከፍት ጠራት፤ ግብዣው የመጣው ከትምህርት ኮሚሳሩ ከሉናቻርስኪ ነው። አንድ ሺህ ልጆች የማስተማር ተስፋ ይዛ ከኢርማ ጋር ሞስኮ ገባች። የተሰጣት ቤት ባላሾቫ የምትባል፣ አገር ጥላ የወጣች የቦልሾይ ቴያትር የባሌት ተወዛዋዥ መኖሪያ የነበረ ነው። ባሌትን ስትነቅፍ የኖረችው ሴት ያለ ክፍያ የምታስተምርበትን ቤት ያገኘችው ከባሌት ሰው ነበር ማለት ነው። ክረምቱ ከበደ፤ ማገዶ ጠፋ፤ የመንግሥቱም አስተዳደር ስለ ተለወጠ እርዳታው ተቋረጠ። ከሺው ልጅ የተገኙት ጥቂት ዐሥሮች ብቻ ነበሩ። እንደገና ገንዘብ ፍለጋ ወጣች። በ1922 ባለቅኔውን ሰርጌ ኤሴኒንን አግብታ ወደ አሜሪካ ተሻገረች፤ እርሱ በዐሥራ ስምንት ዓመት ያንሳት ነበር፤ ተግባብተው የሚነጋገሩበት ቋንቋም አልነበራቸውም። በቦስተን መድረክ ላይ ቀይ ሻሿን አውለብልባ ስለ አብዮት በመናገሯ የከተማው ከንቲባ ደግማ እንዳትታይ ከለከለ። ሩሲያዊ በማግባቷም የአሜሪካ ዜግነቷን አጣች። ትዳሩ ብዙ አልቆየም። ኤሴኒን በዲሴምበር 1925 ራሱን አጠፋ።

በሴፕቴምበር 14 ቀን 1927 ማታ ኢሳዶራ በኒስ ከተማ በባሕሩ ዳር ጎዳና ክፍት መኪና ላይ ተቀመጠች። በአንገቷ የጠመጠመችው ረጅም ሻሽ በኋላው ጎማ ተያዘና መኪናው ሲንቀሳቀስ አንገቷን ሰበረው። ዕድሜዋ ሃምሳ ነበር። አስከሬኗ ተቃጥሎ አመዱ በፓሪስ በፔር ላሼዝ መካነ መቃብር አረፈ።

ከዚህ በኋላ የተረፈው ምንድን ነው? በፊልም መቀረጽ ስላልወደደች ውዝዋዜዋን የምናውቀው በአብዛኛው ከሠዓልያንና ከቀራጮች እጅ ነው። አብርሃም ዋልኮቪትስ የተባለው ሠዓሊ ብቻ ከ5000 በላይ ሥዕሎች ሥሎላታል። ዘዴዋን ግን ሥዕል አይነግረንም። የባሌት ወገን በዚህ አልተዘናጋም። አግሪፒና ቫጋኖቫ ከዚያው ከፒተርስበርግ ትምህርት ቤት የወጣች መምህርት ስትሆን በ1934 የባሌትን ትምህርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በመጽሐፍ አወጣች። ትምህርት ቤቱም ኋላ በስሟ ተጠራ።

ዘመናዊ ዳንስም ቢሆን ሕግ አልባ ሆኖ አልቀረም። ማርታ ግርሃም የምትባለው አሜሪካዊት በ1926 በኒው ዮርክ የራሷን ጓድ አቋቋመች። እርሷም እንቅስቃሴ ከገላ መካከል ይነሣል አለች፤ ግን ያንን ወደ ልምምድ ለወጠችው። የእርሷ ክፍል የሚጀምረው ተማሪዎቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ነው። ትንፋሽ ሲወጣ ሆድ ወደ ውስጥ ይኮማተራል፣ ጀርባ ይቀለበሳል፤ ትንፋሽ ሲገባ ገላ ይፈታል፤ ከዚያ መቆም፣ መዝለል፣ መውደቅ ይመጣል። በባሌት ተወዛዋዡ ከምድር ሊለይ ይጥራል፤ በግርሃም ክፍል መውደቅም ራሱ ይጠናል። አንድ ተወዛዋዥ እስኪበስል ዐሥር ዓመት ያህል ይፈጅበታል ትል ነበር፤ ይህ ከፒተርስበርጉ ትምህርት ቤት ጊዜ አያንስም። ስለዚህ ባሌት ልፋት ነው፣ ዘመናዊ ዳንስ ግን እንደ ልብ መሆን ነው የሚል ሰው ካለ የግርሃምን ክፍል አላየም። ሁለቱ ወገኖችም እየተቀራረቡ ሄደዋል። በልጅነቱ ኢሳዶራን በሎንዶን ያያት ፍሬድሪክ አሽተን፣ ታላቅ የባሌት አዘጋጅ ከሆነ በኋላ፣ በ1976 በእርሷ አኳኋን አምስት ውዝዋዜዎችን በብራምስ ሙዚቃ ሠራ። በባዶ እግሯ የተጫወተችው ሊን ሲሞር ከባሌት ትምህርት ቤት የወጣች ነበረች።

የሞስኮው ትምህርት ቤት ኢሳዶራ ከሄደች በኋላም አልተዘጋም። ኢርማ ለጥቂት ዓመታት መራችው፤ እርሷም ከወጣች በኋላ የቀሩት ልጆች እስከ 1949 ድረስ አቆዩት። ኢርማ አሜሪካ ከተመለሰች በኋላ በ1937 የኢሳዶራን ዘዴ በትምህርት በትምህርት ከፍላ፣ መምህርቲቱ በሕይወት ሳለች እንቢ ያለችውን መጽሐፍ አሳተመች። የመጀመሪያው ትምህርት መራመድ ነው።